የጃንጥላው ዘፈን

ኅዳር 3
መጋረጃ አጠብኩ፤ ሰቀልኩ። ወገቤ ዛሬ ዝም ብሏል።
ከሰዓት ልጄ መጣች። ባለፈው ሳምንት ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ረስቼ አሳርሬ ነበር። ያንኑ አነሳች። "እማዬ፣ እኔ ጋ ግቢ። ክፍሉ ተዘጋጅቷል።" ማንቆርቆሪያ አሳርሮ የማያውቅ ማን ነው? ልብስ እያጣጠፍኩ አንጎራጎርኩ። ጃንጥላው ይቅርብኝ፣ ዝናቡን ለምጃለሁ...
"ይሄ ደግሞ የምን ዘፈን ነው?"
"በዘጠኝ ዓመቴ አክስቴ ያመጣችልን ሸክላ። ወፍራም ድምፅ ያለው ሰውዬ ነው የዘፈነው።"
ስልኳን ጎረጎረች። የለም። ቀና ብላ አየችኝ... ያቺን አስተያየት አውቃታለሁ፤ በሽተኛ የሚታይባት ናት። "ከራስሽ አምጥተሽው እንዳይሆን?"
ከራሴ! ተወራረድን። እስከ ወሩ መጨረሻ ሸክላውን ካገኘሁ የመግባቱ ወሬ ይቀራል። ካጣሁት ሻንጣዬን አነሳለሁ።

ኅዳር 9
አሮጌ ሸክላ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። አቧራ! መደርደሪያውም ተራ የለውም። ነገርኩት። የኔን ነገር ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ።
"እማማ፣ እንዲህ የሚዘፍን ወንድ አልተወለደም።"
"እኔ ስሰማው ተወልዶ ነበር።"
ሳቀ። እፈልጋለሁ አለ።

ኅዳር 15
የለም። ይገኛል።

ኅዳር 22
ሻጩ ደወለ። ቃላቱ ልክ የሆነ ተገኝቷል፣ ዘፋኟ ግን ሴት ናት አለኝ። "ሌላ ዘፈን ነው" አልኩት። "ይምጡና ይስሙት።"
ሄድኩ። ቀጭን ድምፅ፣ ጥድፊያ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ። ቃል በቃል የኔው... ግን የኔው አይደለም። ሰውዬውስ የት ገባ?
"ማጫወቻችሁ እንዴት ያለ ነበር?" አለኝ።
ያኔ መጣልኝ። አባባ ትልልቁን፣ በዝግታ የሚዞረውን ሸክላ ብቻ ነበር የሚሰማው። እኛ እንዳንነካካበት የፍጥነት መለወጫውን በሽቦ ጠፍሮ አስሮት ነበር። የአክስቴ ትንሿ ሸክላ መፍጠን ሲገባት በዝግታ ዞረች... ልጅቷም ሰውዬ ሆነች!
ሻጩ ፍጥነቱን ቀነሰው። መጣ ሰውዬዬ፤ እየተጎተተ፣ እያዘነ።
"እማማ፣ ስድሳ ዓመት የሌለ ሰው ሲወዱ ኖሩ ማለት ነው።"
"ዝም በልና ጠቅልልልኝ።"

ኅዳር 23
ሸክላውን ብቻ ካሳየኋት ረታሁ። ስለ ሰውዬው ማን ይጠይቀኛል?
ግን ትምህርት ቤት ስህተታችንን በገዛ እጃችን በቀይ እንድናርም ነበር የተማርነው። ስህተቷን የደበቀች ተቀጥታ ቆማ ትውል ነበር። የኅዳር 3ን ገጽ ገልጬ "ሰውዬ" የሚለውን በቀይ ሰረዝኩ። ለልጄም እነግራታለሁ። ትቁጠርብኝ።

ኅዳር 25
ነገርኳት። ከሻጩ በተዋስኩት ማጫወቻ ሁለቱንም አሰማኋት፤ ልጅቷንም፣ ሰውዬውንም።
"ታዲያ ግማሹን ተሳስተሻል።"
"ግማሽ ሻንጣ ልያዝ?"
እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ እንባዋን ጠረገች። "እማዬ፣ እኔን የሚያስፈራኝ መርሳትሽ አይደለም። ረስተሽ ትደብቂኛለሽ ብዬ ነው።"
ይሄን አላሰብኩትም ነበር... ማንቆርቆሪያውንም ያገኘችው እኮ ከጓዳ በር ጀርባ ነው።
"ከእንግዲህ እነግርሻለሁ" አልኳት።

ታኅሣሥ 2
ልጄ ደወለች። ለኔ ያዘጋጀችውን ክፍል ለልብስ ስፌት መኪናዋ አድርጋዋለች። "ደግ አደረግሽ" አልኳት።
ከዚያ ሳትጠይቀኝ ነገርኳት፦ ትናንት የጥርስ ሐኪም ቀጠሮዬን ረስቻለሁ።
ጠበቅኩ።
"እሺ እማዬ" አለች። ሌላ ምንም አልጨመረች።