እናትሽ ደጅ ያደረችው ጀልባ

አስካልዬ፣

ሰኔ ላይ ተለየሽኝ፤ ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል አለፈ፣ ይኸው ጥምቀት ደረሰ። ይህን በእጄ የምጽፍልሽ እኔው ባልሽ ነኝ! በቀበሌያችን የማታ መሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጡት አዛውንት መነጽራቸው ባይሰበር ይቀድሙህ ነበር የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ አትስሚያቸው።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጣሪያውን አስጠግኜዋለሁ። አልጋው ላይ ግን ዛሬም ከዳር ነው የምተኛው፤ በግድግዳው በኩል ያለው ያንቺ ነው።

ዋናው ወሬዬ የእናትሽ ነው። ሕመም ጸንቶባቸው ስለነበር፣ መርዶሽን እስኪያገግሙ አቆይተነው ነበር። ባለፈው ሳምንት የዕድራችንን ሽማግሌ ይዤ ዝዋይ ወረድኩ። መርዶ የሚነገረው ሲነጋጋ ነውና፣ አመሻሽ ላይ ወደ ደሴታችሁ ተሻግረን፣ ጀልባዋን ቄጠማው ውስጥ አስረን፣ እዚያው ተደብቀን ልናድር አሰብን። እኔም ከእኔ ወዲያ ላሣር ብዬ ቀዛፊውን ገፋ አድርጌ፣ ሰንጋ ተራ ገበያ በሬ በማስርበት ቋጠሮ አሰርኳት። በሬ ሲጎትተው ይበልጥ ይጠብቃል። ማዕበሉ ግን ጎተት ለቀቅ እያደረገ ፈታውና ውሃ ሊቀዱ የወረዱት እናትሽ እግር ሥር ወስዶ ጣለን።

አማቼ መጣ ብለው እልል አሉ፤ ዓሣ ጠበሱልን። ልጄስ አሉኝ። ሽማግሌው አቀረቀሩ። በምሽት መርዶ አይነገር ነገር! እኔው ለእናትሽ፣ ቤት እየጠበቀች ነው አልኳቸው። ከዚያ ወሬው እንዳይመለስ ቀለድኩ፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ቀልጄ አላውቅም። ሜክሲኮ አደባባይን መጀመሪያ ያየሽ ቀን፣ መኪናው ሁሉ ዞሮ እስኪያልቅ ልሻገር ብለሽ መቆምሽን ነገርኳቸው። ቂሏ ልጄ እያሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

ሲነጋጋ ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ቆመው ነገሯቸው። ጩኸታቸውን አልጽፈውም፤ የተማርኩት ፊደል አይበቃውም።

ማታ ስላሳቅኋቸው ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ስንሰነባበት ግን ጎትተው አቀፉኝ። ከእንግዲህ ሰው ሁሉ ፈርቶ ስምሽን በፊታቸው እንደማያነሳ ነግረው፣ እኔ ግን እየመጣሁ ስላንቺ እንዳወራላቸው ለመኑኝ። ቃል ገባሁላቸው። በየዓመቱ እሻገራለሁ፤ የተኮራረፍንበትን እንኳ ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ። ወሬ ሲያልቅብኝ ከራሴ እጨምራለሁ፤ ታውቂኝ የለም?

ለብቻዬ ስሆን ግን፣ አስካልዬ፣ ምንም ሳልጨምር፣ እንደነበርሽ አስብሻለሁ።