ካሜራዬ የመደርደሪያ ጌጥ እንዳይሆን

እኔ የዚህ ኑዛዜ ባለቤት፣ በሞያዬ ፎቶ አንሺ፣ በቅጽል ስሜ «ቀና በሉ» የምባል፣ ዕድሜዬ ሰባ አራት የሆነ፣ አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ማንም ሳያባብለኝ፣ ይህን የመጨረሻ ቃሌን በገዛ እጄ ጽፌ በምስክሮች ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አንብቤያለሁ። ዕለቱ ማክሰኞ፣ ሰዓቱም ከቀኑ ዘጠኝ ነው። በወሩና በዓመቱ ማንም እንዳይከራከር የዕለቱን ቅጠል ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ገንጥዬ ከዚህ ወረቀት ራስጌ ለጥፌዋለሁ።

ስለ ጤናዬ። ሐኪሙ ልብህ ደክሟል ብሎኛል። ቢደክም አይፈረድበትም፤ ሁለት ልጅ አሳድጓል። ግራ ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፤ እሱም ግድ የለም፤ አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ስጨፍነው የኖርኩት እሱን ነው። አእምሮዬን የሚጠራጠር ካለ የማታ ትምህርት ቤቱን መምህር ይጠይቅ፤ ከሃያ ስድስት ተማሪ አንደኛ ወጥቻለሁ። (እዚህ ላይ መምህሩ «አባት፣ ሦስተኛ ነዎት» አለ። ከእኔ በላይ የወጡት ሁለት ሴቶች ቀድሞውንም ፊደል የቆጠሩ ስለሆኑ አልቆጥራቸውም። ይኸው ተጽፏል።)

ምስክሮቼ አራት ናቸው፤ ይኸው መምህር፣ ከፎቶ ቤቴ ጎን የሚሠራው ሰዓት ሠሪ፣ ከፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊና ባሏ። ወራሾቼ ወንዱ ልጄና ሴቷ ልጄ ናቸው። ሁለቱም ደንበኛ በሚጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ይህን ኑዛዜ እንድጽፍ ያስቸኮለኝ ሞት አይደለም፤ ሜትር ነው። የዛሬ ሁለት ወር የሠፈራችን ሆቴል ባለቤት ወደ ፎቶ ቤቴ ገባ። ፎቶ ሊነሣ መስሎኝ ወንበሩን ጠረግሁለት። እሱ ግን ከኪሱ ሜትር አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ካሜራ ርዝመቱንና ወርዱን መለካት ጀመረ።

«ምን ልትሰፋለት ነው?» አልኩት።

«መደርደሪያው ላይ ይገባ እንደሆነ ብዬ ነው፣ ጋሼ። በግራ የአበባ ማስቀመጫ፣ በቀኝ አሮጌ ሬዲዮ፣ መሃል ላይ ይኼ። እንግዶች እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ። ልጅዎ ቃል ገብቶልኛል እኮ፤ ከእርስዎ በኋላ።»

ከእርስዎ በኋላ! ሰው በቁሙ የሬሳ ሣጥኑ ሲለካ ማየት ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ዕድል ነው፤ እኔ ዕድለኛ ነኝ።

ካሜራው ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ብረትና መስተዋት ነው። ባትሪ አይበላም። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ብርሃኑ ስንት ነው? መዝጊያው ምን ያህል ይፍጠን? ሰውየው ስንት እርምጃ ይርቃል? ሦስቱንም ፊደል ሳልቆጥር እመልስለት ነበር። መሬት ላይ ጥላዬን አያለሁ። የጥላው ጠርዝ እንደ ምላጭ ከተሳለ የብርሃን ማስገቢያውን ቀለበት እስከ ጠባቡ ቀዳዳ አዞራለሁ፤ ከደበዘዘ አንድ እከፍታለሁ፤ ጥላው ጭራሽ ከጠፋ ሦስት። ቀለበቱ ሲዞር ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ እኔ ቁጥሩን ትቼ ቀጭታውን እቆጥራለሁ። ሌላ ሰው ይህን በስድስት ወር ይለምደዋል። እኔ በሦስት ቀን ለምጄዋለሁ።

የወንዱ ልጄ ካሜራ ውስጥ ያለው የማስተካከያ ዝርዝር ከሆቴሉ የምግብ ዝርዝር ይረዝማል፤ ልጄም ከመጀመሪያው ገጽ አልፎ አያውቅም። ካሜራው ራሱ ፊት ይፈልጋል፣ ራሱ ያተኩራል፣ ራሱ ያበራል፣ ሰውየው ፈገግ እስኪል ራሱ ይጠብቃል። ታዲያ ፎቶ አንሺው ምን ይሠራል? ይሸከመዋል።

እንግዲህ ወደ ድልድሉ እገባለሁ።

አንደኛ። የፎቶ ቤቱን የፊት ክፍል፣ መጋረጃውን፣ ኮምፒውተሩንና ማተሚያውን ለወንዱ ልጄ አውርሻለሁ። ከጓሮ ያሉትን ሁለት መኖሪያ ክፍሎች ከእህቱ ጋር እኩል ይካፈል። ግዴታ አለበት፤ ከእንግዲህ ከማንም ሰው ጉርድ ፎቶ ላይ ጠባሳ እንዳይደልዝ። ምክንያቱን ምስክሯ ታውቀዋለች። ልብስ ሰፊዋ አገጯ ላይ ከልጅነቷ የነበረ ጠባሳ አላት። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ልትነሣ መጣች፤ ልጄ ጠባሳውን አጠፋው፤ ሽብሽቧን ተኮሰው፤ አንገቷን አረዘመው። ወረፋ ጠብቃ የቀበሌው መስኮት ጋ ስትደርስ ጸሐፊው ፎቶውን አየ፤ እሷን አየ፤ «እህትሽን ላኪያት፤ ባለቤቱ በአካል መቅረብ አለበት» ብሎ መለሳት።

ይህን ሳነብ ልብስ ሰፊዋ ጣልቃ ገባች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ወድጄው ነበር።»

«መታወቂያ ከለከሉሽ እኮ!»

«ይከልክሉኛ! ስልኬ ላይ አሁንም አለ። ባሌ ይቺ ማን ናት ብሎ ሁለት ቀን አኩርፎኛል።»

ባሏ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ወንዱ ልጄም ይህን ጊዜ አፉን ከፈተ።

«አየህ አባዬ! ሰው የሚፈልገው ይሄን ነው። አሁን ማን ተሰልፎ ጉርድ ይነሣል? ስልኩን ያወጣል፣ ያነሣል፣ ይሄዳል። እኔ ባልደልዝ ኖሮ ይሄ ቤት ተዘግቶ ነበር።»

ይህ እውነት ስለሆነ ጽፌዋለሁ። ስላልወደድኩት ግን በትናንሽ ፊደል ጽፌዋለሁ።

ይኸው ልጄ ባለፈው ዓመት ሊያስደስተኝ ፈልጎ አንድ ካሜራ አምጥቶልኝ ነበር። ከላይ ሲያዩት የእኔው መንትያ ነው፤ ጥቁር ቆዳ፣ ነጭ ብረት፣ የሚዞር ቀለበት፣ ሁሉም አለው። ሆዱ ግን ኮምፒውተር ነው። «ይኸው አባዬ፣ ያንተን የሚመስል ነው፤ ወጣቱ ሁሉ አሁን ይሄን ነው የሚገዛው» አለኝ። ሽበት ተቀብቶ ሽማግሌ ነኝ የሚል ጎረምሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ካሜራ እሱ ነው። ወደ ቆሻሻ መጣያው ወረወርኩት። ወጣቱንም አይቼዋለሁ፤ ካሜራውን እንደ ሐብል አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከፎቶ ቤቴ በር ላይ ይቆምና፣ ካሜራ ያንጠለጠለ አንገቱን በስልኩ አንስቶ ይሄዳል።

ሁለተኛ። ካሜራውን ለማን እንደምሰጥ ያለ ፈተና አልወሰንኩም። የዛሬ ወር ሠላሳ ስድስት የሚያነሣ ፊልም እያጎረስኩ በየተራ ሰጠኋቸው፤ «ደስ ያላችሁን አንሡ» ከማለት በቀር ምንም አልተናገርኩም።

ወንዱ ልጄ የመጀመሪያውን አነሣና ካሜራውን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ጀርባው ጥቁር ቆዳ ነው። ሁለተኛውን አነሣ፤ ገልብጦ ቆዳውን አየ። ሁለት ጫማዬን አስሬ ሳልጨርስ ሠላሳ ስድስቱን ፈጀው፤ ሠላሳ ስድስት ጊዜም ያንን ቆዳ ጎበኘ። ከዚያ «አባዬ፣ የታሉ?» አለኝ። «ፊልሙ ውስ—» ብዬ ሳልጨርስ የኋላ ክዳኑን በጥፍሩ ፈልቅቆ በቀትር ፀሐይ ቦግ አደረገው። ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ካየ አለቀለት፤ አንድም አልተረፈም። የፎቶ አንሺ ልጅ ነው እንግዲህ! የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ቢሆን ሊጡን በልቶ ዳቦው የታለ ይል ነበር።

ሴቷ ልጄ ካሜራውን ወስዳ ሦስት ሳምንት ጠፋች። ስትመልሰው አሥራ አንድ ብቻ ነው ያነሣችው። «የቀረውስ?» አልኳት። «ብርሃኑ እምቢ አለኝ። ለምን ላባክነው?» አለች። አሥራ አንዱም ተሳክተዋል። ሰዓት ሠሪው ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቅኖ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ የዝንብ እግር የምታህል ጥርስ ሲገጥም አለ። የልብስ ሰፊዋ ባል ያልተሰፋ ሱሪ ታቅፎ ተኝቶም አለ። («መቼ?» አለ ባልዬው። ሚስቱ «የቱን ቀን ልንገርህ?» አለችው።)

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ፊልም የሚታጠበው በጨለማ ነው፤ በማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜም በልክ መሆን አለበት። ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ሰዓት ቢሰቀል አይታይም፤ ቢታይም ያኔ አላነበውም። ስለዚህ ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ከበሩ ውጭ ተቀምጣ ሹራብ እየሠራች ጮክ ብላ ትቆጥርልኝ ነበር። እሷ ስታልፍ ቆጠራውን ሴቷ ልጄ ወረሰች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከበሩ ውጭ ቆጥራለች። ወንድሟን እጁን ይዤ ወደ ውስጥ አስገባሁት፤ እሱ ጨለማውን ሲያገኝ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር። እሷን ግን «መድኃኒቱ እጅ ያበላሻል» እያልኩ ከደጅ አስቀረኋት። ውሸቴን ነው። ስሜን የሚያስጠራልኝ ወንዱ ነው ብዬ ነው። እንዴት እንዳስጠራው ከላይ ሰምታችኋል።

ሦስተኛ። በዚህም መሠረት ካሜራውን፣ የፎቶ ማጉያ መሣሪያውን፣ ጨለማ ክፍሉንና አሥራ ሁለቱን የኔጋቲቭ መሳቢያዎች ለሴቷ ልጄ አውርሻለሁ። ነገር ግን ባለ ኮምፒውተር ካሜራ በእጇ እንዳትነካ፤ ከነካች ውርሱ ይፍረስ።

ይህን አንብቤ ጉሮሮዬን ላርጥብ ስል ሴቷ ልጄ ከአግዳሚው ተነሣች።

«አልወስድም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አልወስድም አልኩህ፣ አባዬ። ገመድ የታሰረበት ካሜራ አልፈልግም። የምኖረው በምን ሆነና? ለመድን ድርጅት የተጋጩ መኪኖች አነሣለሁ። መንገድ ተዘግቶ፣ ሾፌሮቹ ተናንቀው፣ ‹ቆዩኝ፣ ፊልም አጥቤ ልምጣ› ልበላቸው?»

ሰዓት ሠሪው ሳቀ። ጓደኛዬ ነው፤ ይቅር ብዬዋለሁ።

«እስቲ የምታነሺበትን አሳዪኝ» አልኳት፣ ዳኛ መስዬ።

ከቦርሳዋ አወጣችው። ያው ነው! ሽበት የተቀባው ጎረምሳ!

«አንተ ስትወረውረው ከመጣያው አነሣሁት» አለች። «ቀለበቱን በጣቴ አውቀዋለሁ። ዓይኔን ከመኪናው ላይ ሳላነሣ አዞረዋለሁ፤ ስንት ቀጭ እንዳለ እቆጥራለሁ። ሆዱ ፊልም ይኑርበት ኮምፒውተር፣ ለጣቴ ምኑ ነው? ስትስቅበት ለነበርከው ወጣትም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ ለአንገቱ ይገዛዋል፤ አንዳንዱ ግን እጁ ሥራ ናፍቆት ነው።»

«እሱ ከበቃሽ አሮጌውን ለምን ፈለግሽው?»

«ሠላሳ ስድስት ብቻ ስለሚሰጠኝ። በዚህኛው በቀን አራት መቶ አነሣለሁ፤ ቤቴ ስገባ አንዱንም አላስታውሰውም። እነዚያን አሥራ አንዱን ግን ዓይኔን ጨፍኜ በተራ ልቆጥርልህ እችላለሁ።»

እዚህ ላይ አሳለኝ። ረዘም ያለ ሳል ነበር።

«ወይ ሰርዘው፣ ወይ ለሆቴሉ ስጠው» አለች። «መደርደሪያ ላይ ከዋለ ቢያንስ ‹ያን አትንኪ› የሚል አዛዥ የለበትም።»

  እኔ ይህን እያሰብኩ ነበር፤ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ በሩን ከፈትኩላት ብዬ ስኮራ፣ ለካ ከውስጥ ልቆልፍባት ኖሯል። ማስመሪያውን አምጡ አልኩ። መሥመሩን ከ«ነገር ግን» እስከ «ይፍረስ» ሰረዝኩት።

«አንተ ሰውዬ» አለኝ ሰዓት ሠሪው፣ «በዕድሜህ አንዲት ቃል ስትሰርዝ አይቼህ አላውቅም።»

«ከዚህ በፊት የምሰርዘው ጽፌ ነው?»

ስለዚህ ቃሌ ይህ ነው። በሦስተኛው አንቀጽ የተሰረዘው መሥመር የተሰረዘው በእኔው እጅ፣ በእኔው ፈቃድ ነው፤ ተሰርዟል፣ አልተሰረዘም ብሎ የሚሟገት ቢነሣ ምስክሮቹ በኅዳጉ ላይ ፈርመዋልና ይፈር። ካሜራው የማንም ሆቴል መደርደሪያ ላይ እንዳይወጣ፤ ሜትር የያዘ ሰውም እንዳይጠጋው። ልጆቼ ሆይ፣ አንዳችሁ ፊት ክፍል፣ አንዳችሁ ጨለማ ክፍል ናችሁና በመሃል ያለውን በር አትዝጉት። ይህን ሁሉ ተናግሬ አበቃሁ።

ተናዛዡ፣ ፎቶ አንሺው «ቀና በሉ»። ፈርሜያለሁ።
ምስክሮች፦ የማታ ትምህርት ቤቱ መምህር፤ ሰዓት ሠሪው፤ ልብስ ሰፊዋ፤ የልብስ ሰፊዋ ባል። ፈርመናል።

ከፊርማው በታች የተጨመረ። የልብስ ሰፊዋ ባል ፈርሞ ብዕሩን ሲመልስልኝ ጠረጴዛውን ባይ ካሜራው የለም። ሴቷ ልጄም የለችም።

«ጣሪያው ላይ ወጣች» አለ ወንድሟ። «ብርሃኑ ሊያልፍ ነው ብላ።»

«ገና አልሞትኩም እኮ!» አልኩ።

መምህሩ ተጨነቀ። «አባት፣ ኑዛዜ የሚጸናው ከሞት በኋላ ነው። አሁን መውሰዷን ሕጉ አይፈቅድም፤ እኛም አይተናል።»

ሕጉን አውቃለሁ። ስለዚህ ወረቀቱን ወደ ምስክሮቹ አዙሬ፣ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ምንም ነገር እንዳላዩ እንዲፈርሙልኝ ጠየቅኋቸው።

አራቱም ፈረሙ።