“ሃቢ” ይባሉ የነበሩት የአቶ ዘውዴ ተክለአብ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዘውዴ ተክለአብ ከአባታቸው ከአቶ ተክለአብ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሮማንወርቅ ደስታ ጥቅምት 3 ቀን 1950 ዓ.ም. በናዝሬት ከተማ ተወለዱ። የእንግሊዝ ወረቀታቸው ጃንዋሪ 1 ይላል፤ ያንን የሞላው የኢሚግሬሽን ሰው ነው፤ የዚያ ዘመን ስደተኛ ሁሉ የተወለደው በአንድ ቀን ነበር። ትክክለኛው ጥቅምት 3 ነው። ይህን የምጽፈው ታናሽ እኅታቸው ፀሐይወርቅ ነኝ፤ ያላጣራሁትን እንደ እውነት አልጽፍም።

አባታቸው የመብራት ኃይል የመስመር ሠራተኛ ስለነበሩ በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ብስክሌት ከተማውን ይዞሩ ነበር። አቶ ዘውዴ ገና ፊደል ሳይጨርሱ ከፊት ሰርባቶዮው፣ ማለት የነዳጅ ታንከሩ ላይ ተቀምጠው አብረው ይሄዱ ነበር፤ የሞተር በሽታው የጀመራቸው ያን ጊዜ ነው። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ናዝሬት ሲከታተሉ ቆይተው ዘመኑ ሲከፋ በ1970 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወጡ። በ1972 ዓ.ም. ለንደን ገቡ። ካርቱም በቆዩበት ጊዜ ምን ይሠሩ እንደነበር ሲጠየቁ “ሙቀት ነበር” ብለው ያልፉ ነበር። ሙቀት ሥራ አይደለም።

ኪልበርን አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ሆቴል ውስጥ ሰሃን እያጠቡ ሜካኒክነት ተማሩና ስትሪትሃም ከባቡር ድልድይ ሥር ባለ ጋራዥ ተቀጠሩ። በ1979 ዓ.ም. አፕላይ አድርገው እናታችንንና እኔን ያስመጡን እሳቸው ናቸው፤ ይህ አይካድም። ከዚህ ቀጥሎ “በግል ሥራ ተሰማርተው” ብዬ እንዳልፍ ተመክሬ ነበር። አላልፍም። አቶ ዘውዴ ከጋራዡ ፈረንጆች ጋር ገጥመው “ስትሪትሃም ጎትስ”፣ ማለት የስትሪትሃም ፍየሎች፣ የሚባል የሞተረኞች ክለብ አባል ነበሩ፤ በ1981 ዓ.ም. ደግሞ መሪው ሆኑ። ክለቡ ለሕግ የማይገዛ፣ የፖሊስ ዓይን የማይለየው ነበር። ጃኬታቸው ጀርባ ላይ የፍየል ራስ ተሰፍቷል። እናታችን በፍርድ ቀን ፍየሎች በየትኛው ወገን እንደሚቆሙ ስለሚያውቁ ጃኬቱን ቤት አላስገባም ብለው ውጭ ደረጃው ላይ ያሰቅሉ ነበር።

እኛ ኪልበርን በገባን በወሩ ስልክ ተደወለ። አንዲት እንግሊዛዊት “ሃቢ አለ?” አለች። እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር አስተማሪዬን ጠየቅኩ፤ ሃቢ ማለት ሚስት ባሏን ስታቆላምጥ የምትጠራበት ቃል ነው አሉኝ። በቃ፣ ወንድሜ የደበቋት ሚስት አለች አልኩ። ሴትዮዋ ለዓመታት ደወለች፤ እኔም ለዓመታት “የለም” እያልኩ ዘጋሁባት። እናታችን ይህን ሲሰሙ ዝም ይሉ ነበር። ዝምታቸውንም ጠረጠርኩ።

በ1985 ዓ.ም. ከሌላ ክለብ ጋር በተነሣ ጠብ ሰው ተጎድቶ አቶ ዘውዴ ሁለት ዓመት ታሰሩ። ለማኅበራችን “ለሥራ ወደ ሰሜን ሄደዋል” የተባለው ይህ ነው። ሰውዬውን የመታው ሌላ ነው፣ እሳቸው ላለማሳጣት ብለው ዝም አሉ ይባላል። ይህን ማጣራት ስላልቻልኩ “ይባላል” ብያለሁ።

በ1990 ዓ.ም. ከወ/ሮ ኂሩት ካሳ ጋር በማዘጋጃ ቤት በፊርማ ተጋቡ። ከሠርጉ በፊት ስለ ሃቢ ለኂሩት የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ የባላቸውን ስልክ ቼክ ሳያደርጉ የዋሉበት ቀን መኖሩን እጠራጠራለሁ። በ1992 ዓ.ም. ልጃቸው ሶልያና ስትወለድ የክለቡን መሪነት ለቅቀው ሼፈርድስ ቡሽ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ለቀቅኩ ይበሉ እንጂ ሞተሩም ጃኬቱም ከቤታቸው አልጠፋም።

እሑድ እሑድ እናታችንን ነጠላቸውን አስቋጥረው በሞተር ቤተ ክርስቲያን ያደርሷቸውና፣ ቅዳሴ እስኪያልቅ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይጠብቁ ነበር። እናታችን በ1998 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም በየሳምንቱ መጥተው እዚያው ደጁ ላይ መቆማቸውን አልተዉም። ማንን ነው የሚጠብቁት ብዬ ከቅዳሴ መሐል ወጥቼ አይቻለሁ። ማንም አልመጣም። ይግቡ ሲባሉ “እዚህ ይሻለኛል” ይሉ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። በማግስቱ ቀሲስ ሳዶቅ ለፍትሐቱ የክርስትና ስማቸውን ጠየቁን። የሚያውቅ ጠፋ። እናታችን የክርስትና ስም መተተኛ ጆሮ ይገባል ብለው ስለሚፈሩ ለየልጃቸው ለብቻው ሹክ ይሉ ነበር እንጂ የአንዱን ለሌላው አይናገሩም። የእኔን አውቃለሁ፤ የወንድሜን አላውቅም። ክርስትና አባታቸው ሞተዋል፤ ነፍስ አባት አልያዙም፤ ኂሩትም በፊርማ ስለተጋቡ ስሙ አላስፈለጋቸውም። ቀሲስ “እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ በደፈናው ወንድማችን ብለን እንጸልያለን” ብለው አጽናኑን። አልተዋጠልኝም። ያን ሁሉ ዓመት ደጅ የቆሙ ሰው አሁንም በስማቸው ሳይጠሩ ሊቀሩ ነው ብዬ አለቀስኩ።

ሐሙስ ዕለት ለቅሶ ቤቱ ባለ ፍየል ጃኬቶች መጡ፤ ከፊታቸው አንዲት ፀጉሯ የነጣ እንግሊዛዊት። አፏን ስትከፍት ድምፅዋን አወቅኩት። ቤት ልትካፈል መጣች ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ሶልያናን አስጠርቼ “መቼ ነው ያገባችው? ጠይቂልኝ” አልኳት። ተነጋገሩ። ሶልያና ሳቁም ልቅሶውም ባንድ ላይ መጣባት።

“አክስቴ፣ ሃቢ እኮ ሃዝባንድ አይደለም፣ ኒክኔም ነው። ሀብተ ሚካኤል ማለት ስላቃታቸው ነው ሃቢ ያሉት። አባዬ ክለቡ ሲገባ ‘እናቴ ለጠላት እንዳትናገረው ያለችኝ ስም አለኝ፤ ለእናንተ ሰጥቻችኋለሁ’ ብሏቸው ነው።”

ሴትዮዋ ጃኪ ትባላለች፤ የክለቡ ጸሐፊ ነበረች፤ ያን ሁሉ ዘመን የምትደውለው ስብሰባ ለመጥራት ነው። እኔ ግን ወዲያው አላመንኩም። ማስረጃ አምጪ አልኩ። በየዓመቱ ኖቬምበር 21 ሞተር እንደማይነዱ፣ “የስሜ ቀን ነው” እያሉ ለሁሉም ዳቦ ይቆርሱ እንደነበር ተናገረች። ኖቬምበር 21 ኅዳር ሚካኤል ነው። ከጥቅምት 3 ተነሥቼ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣበት አርባኛው ቀን ኅዳር 12 ላይ ዋለ። እንደገና ቆጠርኩ፤ ያው ነው። እናታችን ስልኩ ሲደወል ዝም ይሉ የነበረው ለካ ገብቷቸው ኖሯል። ወንድሜ ስማቸውን ለእነሱ ነግረው ለእኔ አለመንገራቸው አሁንም ያንገበግበኛል። ለምን ብዬ ግን ጃኪን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ስለ ሃቢ ለመንገር ኂሩት ጋ የሮጥኩት እኔ ነኝ።

አቶ ዘውዴ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ኂሩትን፣ ልጃቸውን ሶልያናን እና እኔን እኅታቸውን ትተው አልፈዋል። የስትሪትሃም ጎትስ አባላትም ሐዘንተኞች ነን ስላሉ እዚህ ተጽፈዋል፤ ጃኬቶቹ ግን በእናታችን ሥርዓት ውጭ አጥሩ ላይ እንዲሰቀሉ አድርጌያለሁ።

ዛሬ ቀሲስ ሳዶቅ “ሀብተ ሚካኤል” ብለው ሲጠሩ ከኋላ የቆሙት የክለቡ ሽማግሌዎች ቀና ይላሉ፤ ከግእዙ ሁሉ የሚያውቁት ያንን ስም ነው። እኛ ዘመዶቹ ደግሞ ወንድማችን በዚያ ስም ሲጠሩ ገና መስማታችን ነው። ቅዱስ ሚካኤል እሱም በዚሁ ስም ይጥራቸው፤ ደጅ መቆሙ ይበቃል፣ ግባ ይበላቸው። አሜን።