ጩኸቴ ተጋነነ ላሉኝ የእጩ ፊልሞች መራጭ ሰብሳቢ

ለክቡር አቶ ጆሳቴኪ፣
የደሴቶች የፊልም ሽልማት የእጩዎች መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ሱቫ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ከርሟል እያልኩ፣ ከጤናዎም ልብዎን ለይቼ እጠይቃለሁ። ለይቼ የምጠይቀው መንደራችን የላከችልዎትን ፊልም ማየት ጀምረው ሳያልቅ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው እንደወጡ፣ ኮሪደሩ ላይም «ውኃ ስጪኝ» ብለው ብርጭቆው ሲመጣልዎ «አይ፣ ውኃ ይቅር» እንዳሉ፣ በቢሮዎ ሻይ የምታፈላው የአክስቴ ልጅ ስለነገረችን ነው። ከዚያ ወዲህ በቀትርም ቢሆን ቢሮዎን ብቻዎን እንደማይከፍቱ ሰምተን አዝነናል። ደስም ብሎናል። ሁለቱም አንድ ላይ ይቻላል።

እኔ ፔንያሲ እባላለሁ፣ የቩኒሶኮ መንደር ልጅ ነኝ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተስማምተን ነው፤ እሳቸው «ውጣ» አሉ፣ እኔም «እሺ» አልኩ። ስለዚህ በደብዳቤዬ ውስጥ ስሕተት ቢያገኙ የርዕሰ መምህሩ ነው፤ ድፍረት ቢያገኙ ግን የወጋችን ነው። የእርስዎ ደሴትና የእኛ ደሴት ከአንድ የጥንት መንፈስ የወጡ ታኡቩ ናቸው፤ ታኡቩ ታኡቩውን ቢሰድብ፣ ቢያላግጥበት፣ ዶሮውን ነጥቆ ቢሄድ እንኳ የተሰደበው ይሥቃል እንጂ አይቆጣም። እርስዎ ሱቫ ገብተው ከረባት ቢያስሩም ወጉ ከአንገትዎ አልወረደም። ስለዚህ እየሣቁ እንዲያነቡልኝ በትሕትና አሳስባለሁ።

ደንባችሁ በየደሴቱ ላለ የፊልም ወዳጆች ክበብ አንድ አንድ ፊልም ለእጩነት የመጠቆም መብት ሰጥቶናልና ምስጋናችን ወሰን የለውም። ይህ መብት ባይሰጠን ኖሮ በመንደራችን ተኳርፎ የሚኖር ሰው አይገኝም ነበር። ዘንድሮ የያንጎናው መጠጥ ተበጥብጦ፣ ጽዋው እየዞረ፣ በማኅበሩ አዳራሽ ምንጣፍ ላይ ስንከራከር ሰንብተናል። አጎቴ ቪሊኬሳ ጉልበቱ የተሰበረው የራግቢ ተጫዋች ፊልም ካልተጠቆመ ከክበቡ እወጣለሁ ብሎ ነበር፤ አክስቴ ላኒያና ደግሞ የፍቅር ፊልሙን ይዛ አልላቀቅም አለች።

«ሽልማት የሚገባው የሚያስለቅስ ፊልም ነው» አለች።

«አንቺ እኮ ሽንኩርት ስትከትፊም ታለቅሻለሽ። ሽንኩርቱን እንሸልመው?» አላት።

«ያንተ ኳስ ተጫዋች ደግሞ ጉልበቱ በሁለት ዘፈን ዳነ! የእኔን ወገብ የጸሎት ጓድ ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ያላዳነውን!»

እኔ በመሃል ገብቼ ለምን የኡናይሲን ፊልም አንጠቁምም ብዬ ጠየቅሁ። ኡናይሲ የአክስቴ የላኒያና ልጅ ናት፤ ሻይ ከምታፈላዋ ጋር እንዳያምታቱብኝ። ፊልሙን በስልኳ ቀርጻ ጨርሳ ነበር፤ ባሕሩ በሚሞላበት ጊዜ የመንደሩ ሙታን የተገነዙበትን ምንጣፍ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ከውኃው ይወጡና ከቤት ቤት እየዞሩ በር ያንኳኳሉ። የተወንነው እኛው ነን። ሬሳ ለመሆን የተሰለፈው ሰው ከሕያዋኑ ስለበዛ አንዳንዱን ለምነን ወደ ሕይወት መልሰነዋል።

«የሚያስፈራ ፊልም ምን ጥበብ አለው?» አለ አጎቴ። «እኔም ከበር ኋላ ተደብቄ ‹ቧ!› ብልህ ትደነግጣለህ። ልሸለም?»

«አጎቴ፣ አንተ ከበር ፊት ቆመህም ታስደነግጣለህ» አልኩት።

ከዚያ ፊልሙን በአዳራሹ ግድግዳ ላይ አየነው። ሲያልቅ የሚያጨበጭብ አልነበረም። ሰው ሁሉ ወደ በሩ አየ፤ የሚነሣም ጠፋ። በመጨረሻ አጎቴ ቪሊኬሳ «እኔ አልፈራሁም፣ እግሬ ነው የፈራው» አለና ወደ እኔ ዞሮ «ፔኒ፣ ና አብረን እንሂድ፤ አንተ ብቻህን እንዳትፈራ ብዬ ነው» አለኝ። ድምፅ ሲሰጥ ሁለቱንም እጁን ስላወጣ አንዱን ሰርዘንበታል። ክበባችን ከተመሠረተ ወዲህ ሁሉም የተስማማበት ፊልም ይህ ብቻ ነው።

የእርስዎም መልስ ደረሰን። ስላከበሩን እያመሰገንኩ፣ ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሚወዱ ሰው ነዎት ይባላልና።

፩ኛ. ደንባችሁ ማንኛውም መራጭ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ሳያይ እንዳይፈርድ ያዛል። እርስዎ ሳይጨርሱ ወጥተው «ፊልሙ ተመልካችን የሚያስፈራ ኃይል ይጎድለዋል» ብለው ጽፈዋል። ይህን የጻፈው እጅ ደረትዎ ላይ የነበረው ነው ወይስ ሌላኛው? «ፈሪ ውኃ ውስጥ ያልበዋል» የሚለውን ተረት ለእርስዎ አልጠቅስም፤ ውኃ እንደማይወዱ አውቃለሁ።

፪ኛ. በእኛ ፈንታ ለእጩነት ያለፈውን፣ ጀልባውን ቀለም የሚቀባውን ሰው ፊልም በአክብሮት ተቀምጠን አየነው። ሰውየው ቀባ። ሚስቱን አሰበ። እንደገና ቀባ። እኛም ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቅን። አጎቴ «ይኼ ጀልባ ባሕር ሳይነካ አለቀ እንዴ?» ብሎ ተቆጣ፤ አክስቴ ደግሞ እስከ ዛሬ «ቆይ፣ የፈታው ሚስቱን ነው ጀልባውን?» እያለች ትጠይቀናለች። ፊልሙን አንነቅፍም። ውኃ የማይታይበት የባሕር ፊልም መምረጥዎ ስለ ጤንነትዎ ብዙ አስረድቶናል።

፫ኛ. ስለ መቃብሩ ትርዒት «የመቃብር ስፍራው ከካርቶን የተሠራ ይመስላል፤ የሬሳ ሣጥኑ መንሳፈፍም ከእውነት የራቀ ነው» ብለዋል። ቀጥለውም «በውኃው ዳር የተኛው ወጣት ጩኸት የተጋነነ ነው» ብለዋል።

ክቡር ሆይ፣ ወጣቱ እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ቁጥሬን አቆማለሁ። አራተኛውን መጻፍ ጀምሬ እጄ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ እንዲያው እንደ ወሬ ላጫውትዎ።

ያን ጠዋት ኡናይሲ ሬሳ አድርጋ ከመቃብሩ በታች አሸዋው ላይ አስተኝታኝ ነበር። አመድና የኮኮናት ዘይት ተለቅልቄ፣ ጭንቅላቴ ላይ የባሕር ሣር ተደርጎልኝ ተጋድሜአለሁ። ማንም ያላወቀው የራሴ እቅድ ነበረኝ፤ አጎቴ ቪሊኬሳ በአጠገቤ ሲያልፍ ቁርጭምጭሚቱን ይዤ ላስጮኸው። ውኃው ግን ከጠበቅነው በላይ መጣ። ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ከዚያ አንድ ነገር እግሬን ነካ፣ ነካ አደረገኝ፤ የተኛ ሰው እንደሚቀሰቅሱት፣ በቀስታ። እቅዴን ደርሶበት ቀድሞኝ ነው ብዬ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ «አጎቴ፣ ተው፤ አሁን ሞቻለሁ እኮ» አልኩ።

አልተወኝም። አንድ ዓይኔን ገለጥኩ። አጎቴ ከወዲያ፣ ደረቁ አሸዋ ላይ፣ ሁለት እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። እግሬን የሚነካው ሳንቃ ነበር። ከሳንቃው ኋላ ሣጥኑ መጣ፣ ከሣጥኑ ኋላ ምንጣፍ መጣ፤ እኛ ሰዎቻችንን የምንገንዝበት፣ በዳርና በዳሩ ቀይ ክር ያለው። የፊተኛው ረድፍ መቃብር ተከፍቶ ነበር።

የጮኽኩት ያኔ ነው።

ኡናይሲ ስልኳን አላጠፋችም። ደፍራ አይደለም፤ እጇ ደርቆ ነው። ትርዒቱ ይብቃ የሚል ሰው አልነበረም። ሙታን ሆነው የተሰለፉት ጎረቤቶቼ ፊታቸው ላይ አመዱ እንዳለ ወደ ውኃው ሮጡ፣ እውነተኞቹን ሙታን ለመያዝ። የያዙትን ያዙ። ያመለጣቸውንም ስም እየጠሩ እስከ ደረታቸው ገቡ። እርስዎ ካርቶን ነው ያሉት ይህንን ነው። አክስቴ ላኒያና የአባቷን ምንጣፍ አቅፋ ስትወጣ የሚታየውን ደግሞ «የተዋናይቱ ሐዘን ጥቂት ጥናት ይጎድለዋል» ብለውታል። ነግሬአታለሁ። እንደምታጠና ልካብዎታለች።

ስለዚህ ጩኸቴ ላይ ለሰጡኝ ሙያዊ ምክር ከልብ አመሰግናለሁ፤ በሚመጣው ጊዜ ልክ ባለው ድምፅ ለመጮህ እየተለማመድኩ ነው። የሚመጣው ጊዜ ሩቅ አይደለም። የፊተኛው ረድፍ ሄዷል። አሁን ፊት ላይ ያለው ረድፍ እናቴ ያለችበት ነው።

እኔ በዚህ ደሴት ሰው በማስፈራራት የምታወቅ ሰው ነኝ። የሰባኪያችንን ባርኔጣ ሸርጣን ሞልቼበት አውቃለሁ፤ ከአልጋ ሥር፣ ከታንኳ ውስጥ፣ ከዳቦ ፍሬ ዛፍ ላይ «ቧ!» ያላልኩት ሰው የለም። አሁን በጠራራ ፀሐይ ኮኮናት ሲወድቅ ደንግጬ መሬት ላይ እቀመጣለሁ። ባልዲ ውስጥ ውኃ ሲቀዳ ድምፁን አልወድም። በባሕሩ ዳር የሚያልፈውን መንገድ ትቼ በጓሮ በኩል፣ በሰው ሁሉ ደጅ እዞራለሁ፤ ለምን ትዞራለህ ሲሉኝ እግሬን ላፍታታ ነው እላለሁ። «የፈሩት ይደርሳል» የሚለውን አባባል ስሰማ ተረቱ ለእኔ የተላከ ማስጠንቀቂያ ይመስለኛል። እናቴን በሕይወት ሳለች በየቀኑ አስደነግጣት ነበር፤ ማንኪያ ይዛ ታባርረኝ ነበር። አሁን የምፈራው እሷን አይደለም። እግሬን እንደነካኝ ሳንቃ ሆና እንዳትመጣ ነው የምፈራው፤ በቀስታ፣ ደጋግማ፣ እኔም ቀልድ መስሎኝ «ተዪ» እንዳልላት።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከመንደራችን በላይ ኮረብታ አለ፤ ኮረብታው የመንግሥት ደን ነው፤ ሙታናችንን ወደዚያ ለማውጣት ፈቃድ ጠይቀን ማመልከቻችን ሱቫ ከአንዱ ጠረጴዛ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። የጠረጴዛው ባለቤቶች መጥተው እንዳያዩ ጀልባ ያስመልሳቸዋል። የእናንተ እጩ ፊልም ግን ሱቫ በትልቁ ሲኒማ ሳምንት ሙሉ ይታያል፣ ለየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊም የግብዣ ትኬት ይላካል። የነጻ ትኬት ያስመለሰው ባለሥልጣን እስከ ዛሬ አልተሰማም። ወንበራቸው ላይ ተደላድለው፣ ፈንዲሻቸውን ይዘው ያንን ባሕር ለአንድ ጊዜ ቢያዩት ማመልከቻችን ይነቃል ብለን ነው። እኛ ዋንጫ አልፈለግንም። ዋንጫውን ለጀልባ ቀቢው ይስጡት፣ ቀለም ያስቀምጥበት። እጩ መባል ብቻ ይበቃናል።

የእጩዎች ዝርዝር የሚዘጋው አርብ ነው። ትልቁ የባሕር ሙላት ከዚህ ወር ሙሉ ጨረቃ ጋር ይመጣል፤ እሱ ለኮሚቴ አያመለክትም፣ ሰብሳቢም የለውም። ስለዚህ ፊልሙን እንደገና ከፍተው እስከ መጨረሻው እንዲያዩት እለምንዎታለሁ። ብቻዬን አልችልም ካሉ እኔ መጥቼ አጠገብዎ እቀመጣለሁ፤ እጅዎንም እይዛለሁ፤ ለማንም አልናገርም፣ ለመንደሩ ካልሆነ በቀር። የሚያስፈራ ፊልም ለእጩነት አይበቃም የሚል ደንብ ካለም በሌላ ዘርፍ ያስገቡት። በኳስ ዘርፍም ቢሆን ግድ የለንም፤ አጎቴ ቪሊኬሳ በዚህ ተስማምቷል፣ እሱ በሕይወቱ ተስማምቶ አያውቅም።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለጫማዎ ደረቅ መሬትን፣ ኮረብታ ላይ ለተሠራው ያማረ ቤትዎ የማይናወጥ መሠረትን እየተመኘሁ፣ ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ ሳልጠይቅ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያም በበለጠ ፍርሃት እሰናበትዎታለሁ።

ፔንያሲ ዘቩኒሶኮ፣
በፊልሙ ላይ ከግራ ሦስተኛው ሬሳ

ተጨማሪ፦ እርስዎ ከወጡ በኋላ በፊልሙ ምን እንደሆነ የነገረዎት ያለ አይመስለኝምና ልንገርዎ። በሩ ይከፈታል። ሙታኑ ማንንም አይነኩም። ደፉ ላይ ቆመው «ደረቅ ቦታ አላችሁ?» ብቻ ይላሉ፤ የቤቱ ሰዎችም ጠጋ ጠጋ ብለው ምንጣፍ ያነጥፉላቸዋል። ያለቀው በዚህ ነው። ጥቂት ቢታገሡ ኖሮ ውኃውን ይጠጡት ነበር።

ደግሞም ባለፈው ሳምንት ዓሣ ይዘን ስንመለስ በእርስዎ ደሴት በኩል አለፍን። የእናንተም የመቃብር ስፍራ ከባሕሩ ዳር ነው። ከነጫጭ ድንጋዮቹ አንዱ ውኃ ውስጥ ቆሟል፤ ጀልባችን ቀርቦ ስለነበር የተጻፈበትን ስም ማንበብ ይቻል ነበር። እኔ ፈርቼ ፊቴን አዞርኩ። እርስዎ ሄደው ያንብቡት።