እማዬ በሱቁ መስኮት

ለማከብርሽና ለምፈራሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ ይህን ወረቀት ቆመሽ አታንብቢው። ወንበር ፈልጊ፤ ወንበር ከሌለ ግድግዳ ተደገፊ። በቤታችን ላይ የወረደውን ከባድ ነገር ላረዳሽ ነው። ግን ሰላምታ ሳይቀድም መርዶ አይነገርምና፣ ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ስትጎነበሺ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል? ባለቤትሽስ ደህና ነው? በየበሩ ግንባሩን መግጨቱን ተወ ወይስ በሩ ተወው? ልጅሽስ መሄድ ጀመረች? እኔን እንዳትመስል እየጸለይሽ መሆንሽን አውቃለሁ፤ ጸልዪ፣ ግን ብዙ ተስፋ አታድርጊ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ማለቴ እስከ ሐሙስ ድረስ ደህና ነበርን።

ማንም አልሞተም። ይህን ቀድሜ የምነግርሽ ልብሽ ቀጥ እንዳይልብኝ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ደግሞ ስልኩ ያለው ሳሎን ስለሆነ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ትንሿ እህታችን አለች። ምላሶ ብዬ ስም ያወጣሁላት በከንቱ አይደለም። እሷ ጠዋት የሰማችውን ሰፈሩ ምሳ ሳይበላ ይሰማዋል። ስለዚህ ከሱቁ ጓዳ፣ ሳጥን ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ። ፊደሌ የተወላገደው በዚህ ነው። ድሮም የተወላገደ ነበር እንዳትዪ።

የአሮጌ ሙዚቃ ሸክላ ሱቅ ውስጥ እንደምሠራ ታውቂያለሽ። ባለቤቱን ጋሽ መርፌ ብዬ የጠራኋቸው እኔ ነኝ፤ ቀጭን ናቸው፣ ይዋጋሉ፣ ሙዚቃ ካልነካቸውም ድምፅ አያወጡም። በእርግጥ ፊታቸው ላይ አልላቸውም። ከሚፈርሱ ቤቶችና ከተዘጉ ጭፈራ ቤቶች ሸክላ በሳጥን እየገዙ ያመጣሉ። ታዋቂውን ማንም ይሸጠዋል ይላሉ። የእሳቸው በሽታ ሰው ረግጦት ያለፈው ነው፤ ገበያ ያላየ ፈንክ የሚሉት የጭፈራ ሙዚቃ፣ የሆቴል ባንድ ለአሥር ሰው ብሎ የቀዳው ሶል ጃዝ፣ ደግሞ ኤግዞቲካ የሚሉት ጉድ አለ። ኤግዞቲካ ማለት ባሕር አይተው የማያውቁ ሰዎች ስለ ደሴት የሚጫወቱት ሙዚቃ ነው። ከበሮ አለው፣ የሚፈስ ውሃ አለው፣ መሃል ላይ አንዱ ሙዚቀኛ ተነሥቶ እንደ ወፍ ይጮኻል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ወፍ ገባ ብዬ መጥረጊያ ይዤ ጣራ ለጣራ ሳስስ ነው የዋልኩት።

አሁን የጋሽ መርፌን ሕግ ስሚ፤ ያጠፋኝ እሱ ነው። ሸክላ ሲመጣ ሽፋኑን ገልብጠው፣ ሥዕሉን ወደ ጠረጴዛው አድርገው ነው የሚሰጡኝ። ዓይን ጆሮን ይሸውዳል ይላሉ። ያማረ ሽፋን የማይረባውን ያሸጣል፣ ያስጠላ ሽፋን ደህናውን ያስቀብራል። ስለዚህ እኔ ሸክላውን ብቻ መዝዤ፣ በለስላሳ ጨርቅ አጥቤ፣ መርፌውን አሳርፌ እሰማለሁ። ከወደድኩት እሳቸው ይሰሙታል። ሁለታችንም ከወደድነው የመንገዱ መስኮት ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ብቻ ነው ሽፋኑ የሚገለበጠው።

ሰኞ ጠዋት አንዱን አሳረፍኩ። እትዬ! ኦርጋኑ እንደ ተቆጣ ሽማግሌ ያጉረመርማል፣ ባሱ ሆድሽ ውስጥ እንደ ድመት ይሄዳል፣ ከበሮው ትንሽ ዘግይቶ ይመታና ትከሻሽን ሳያስፈቅድ ይወስደዋል። ከዚያ በላይ ወፍ ይጮኻል። እንደዚህ ያለ ነገር እንዴት ሳጥን ውስጥ በስብሶ ቀረ ብዬ ልናደድ ምንም አልቀረኝ። ጋሽ መርፌን ጎትቼ አመጣኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና አንዴ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህ ለእሳቸው እንደ መጨፈር ነው። እኔም ይሄ መስኮት ካልወጣ ሥራውን እለቃለሁ ብዬ ፎከርኩ። በገዛ አፌ! አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የተባለው ለእኔ ነው። ወዲያው ሽፋኑን ገልብጠው አቆሙት።

እማዬ ናት።

ክው ብዬ ቀረሁ። ወጣት ናት፣ ካንቺ ከዛሬው ዕድሜሽ ታንሳለች። ራሷ ላይ ላባ ተሰክቷል፤ ትከሻዋ ባዶ ነው፤ ወገቧ ላይ የሣር ቀሚስ፣ ከጎኗ የካርቶን ዛፍ፣ ክንዷ ላይ በቀቀን። ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ትስቃለች። ሌላ ሰው ናት እንዳልል ከግራ ቅንድቧ በላይ ያቺ ጠባሳ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ምላሶ እጅጌ አጭር ከለበሰች እንደ ጉድ የምትቆጣው እማዬ እኮ ናት! የእማዬን ትከሻ አይቼ አላውቅም። ትከሻ እንዳላትም አስቤ አላውቅም።

መስኮቱ የቱ ጋ እንደሆነ ልንገርሽ። የአውቶቡሱ ፌርማታ አፍንጫው ሥር ነው። የየትኛው አውቶቡስ? አባዬ የሚነዳው። በቀን ስንቴ እዚያ ይቆማል።

አባዬን አንቺም ታውቂዋለሽ። ቢቆጣ፣ ቢጮኽ፣ ቀበቶ ቢፈታ ምናለበት፤ እሱን እንደምንም ሮጠን እናመልጠዋለን። አባዬ ዝም ነው የሚለው። አጎታችንን አስታውሺ። በምን እንደተጣሉ አጎታችን ራሱ ረስቶታል፤ ዝምታው ግን ይኸው አለ። አጎቴ በፊት በር ሲገባ አባዬ በጓሮ ይወጣል። ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች ቤታችን መጥተው አያውቁም። ይህ ዝምታ እማዬ ላይ ቢዘጋስ? አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው፣ ጨው አቀብይኝ እንኳ በምላሶ በኩል ሲባባሉ ታየኝ።

ለጋሽ መርፌ እውነቱን ነገርኳቸው። እናቴ ናት አልኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ባለፈው አያቴ ሰርከስ ውስጥ አንበሳ ትገራ ነበር ብለኸኝ አምኜ ለሰው ሁሉ አወራሁልህ፤ አሁን ደግሞ እናትህ የደሴት ንግሥት ሆነች? አሉኝ። ማልኩ፤ መሐላህንም አውቀዋለሁ አሉ። የዋሸሁት ሁሉ ተሰብስቦ እንደ ግድግዳ ፊቴ ቆመ። ከዚያ ፊቷ ላይ የዋጋ ወረቀት ለጠፍኩባት፤ እየረገሙኝ በጥፍራቸው ፋቁት። የአበባ ማሰሮ አቆምኩባት፤ አነሡት። ራሴን ላቁምባት ብዬ ሁለት ቀን መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ዋልኩ፤ አባዬም ሲያልፍ ሥራ ፈት እያለ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁት።

ሐሙስ ግን ጋሽ መርፌ ሳጥን እንዳወርድ ጠሩኝና ዞር አልኩ። ስመለስ አውቶቡሱ ቆሟል። አባዬ መሪውን እንደያዘ አንገቱን አዙሮ ያያል። ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ፣ በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ አልተነቃነቀም። ከኋላ መኪናው ሁሉ በጡሩምባ አገሩን ቀወጠው። አባዬ ያያል። ሳጥኑን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

የዚያን ቀን ቤት ሲመጣ አልተናገረም። እማዬ ምግብ አቀረበች፤ በእጁ ገፋው። ምነው ደህና አይደለህም? አለችው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዛሬ አርብ ነው፤ ጠዋትም ቃል ሳይተነፍስ ወጣ። እማዬ ስኒውን እያጠበች፣ ምን አድርጌው ነው? ብላ እኔን ጠየቀችኝ። እኔን! ምን ልበላት? በቀልድ ፈንታ ስኒውን ከእጇ ተቀብዬ አጠብኩ። ይህ በሕይወቴ ደርሶብኝ አያውቅም።

እትዬ፣ አንቺ የበኩር ልጅ ነሽ፣ ከእኔ በፊት ያለውን ነገር ታውቂያለሽ። ስለ ላባው የምታውቂው አለ? እማዬ ከእኛ በፊት ሌላ ኑሮ ነበራት? ሸክላውን ልስረቅና ልስበረው ይለኛል። ግን እውነቴን ነው፣ ሙዚቃው በጣም ጥሩ ነው፤ ለመስበር እጄ አይታዘዝልኝም። ጋሽ መርፌ እየጠሩኝ ነው፣ ልሂድ።

ዛሬ እሑድ ነው። ከላይ ያለውን አርብ ጽፌ ኪሴ ከትቼው ነበር፤ ያልቀደድኩት ያን ያህል መፍራቴን እንድታይልኝ ነው።

ትናንት ቅዳሜ አባዬ ሱቁ ገባ። ዘጠኝ ወር ስሠራ ደፉን ረግጦ አያውቅም። ጫማውን ሳየው ከሳጥኖቹ ጀርባ ገብቼ ተደፋሁ። ቆቡን አወለቀና ያቺን ሴት ከዚያ አንሡልኝ አለ፤ ድምፁ ወፍራምና የታፈነ ነው። ጋሽ መርፌ ምን አጠፋች? አሉት። አባዬ ቆቡን በእጁ አዟዟረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ስል፣ እንዲህ ሲል ሰማሁት፤ የከሰዓት ፀሐይ በዚህ በኩል ነው የሚመታው፣ በየቀኑ ስለማልፍ አውቀዋለሁ፣ ሚስቴ ናት፣ ቀለሟን ይበላባታል፣ ወደ ጥላው አድርጉልኝ።

ጋሽ መርፌ ወደ ሳጥኖቹ ዞረው፣ ውጣ አንተ፣ ለካ አንዳንዴም እውነት ትናገራለህ አሉ። ወጣሁ። አባዬ አቧራ የለበሰ ፀጉሬን አየና ሊስቅ ሲል ጉንጩን ያዘ። ለካ ሐሙስ ዕለት ከሥራ ሲወጣ መንጋጋ ጥርሱን አስነቅሎ፣ አፉን በጥጥ ወትፎ ነው ዝም ያለው! እማዬ ሂድና አሳየው ብላ ስትጨቀጭቀው አያመኝም እያለ ኖሮ፣ አሁን አላልኩህም እንዳትለው ደብቋታል። እኔ ቤት ፈረሰ ብዬ ሁለት ቀን ስቃጠል እሱ ጥጥ ያኝካል።

ጋሽ መርፌ ሸክላውንም ማጫወቻውንም አዋሱንና ቤት ይዘን ገባን። እማዬ ሽፋኑን ስታይ ትደነግጣለች ብዬ ፊቷን ስጠብቅ፣ ክንዷን ዘርግታ አራቀችው፣ አቀረበችውና፣ እንዴት ቀጭን ነበርኩ! አለች። ፎቶ ቤት ውስጥ ፎቶ ቀለም እየቀባች ነበር የምትሠራው፤ ፎቶ የምትነሣዋ ልጅ ቀረችና ባለፎቶ ቤቱ አንቺ ቁሚ አላት። ላባው ከአቧራ መጥረጊያ የተነቀለ ነው፤ በቀቀኑ ጥጥ የተጠቀጠቀ ሬሳ ነው፤ ሣሩ ደግሞ ገላዋን ሲበላት ዋለ። አባዬ ያን ዕለት ለመንጃ ፈቃድ ፎቶ ሊነሣ መጥቶ ወረፋ ሲጠብቅ እንደዚያ ሆና አያት፣ ሳቀባት፣ በመጥረጊያው እጀታ መታችው። ትውውቃቸው ይኸው ነው። ፎቶው የት እንደደረሰ ግን ሁለቱም አያውቁም ነበር። ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም? ብላቸው፣ ማን ጠየቀን? አሉኝ።

ከዚያ ሸክላውን አሳረፍኩት። እማዬ ፊቷ የተለጠፈበትን ሙዚቃ ሰምታው አታውቅም ነበር፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አዳመጠች። ወፉ ሲጮኽ፣ ይሄ ምኑ ነው፣ ዶሮ ታሞ ነው? አለች። ኦርጋኑ ሲገባ ግን ትከሻዋ በቀስታ መሄድ ጀመረ። አባዬ ጉንጩን ይዞ እሷን ያያል። እኔም ዓይኔን እንዳያዩብኝ ብዬ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

እማዬ ሰላም ብላሻለች፤ ወገብሽን አሙቂ፣ ሣር ግን አትልበሺ ብላለች። አባዬ በገዛ አፉ፣ በሙሉ ቃል፣ ደህና ሁኚ በላት ብሏል፤ አጎታችንን ግን ዛሬም አላናገረውም፣ እሱን እንኳ ሸክላም አይፈታው። ምላሶ እጅጌ አጭር ለበሰች፤ እማዬም አይታ አለፈቻት። ለረጅሙ ባለቤትሽ፣ ለልጅሽ፣ እንደ እናት ለምታይሽ አከራይሽም ሰላምታዬን አድርሺ።

ከባድ ነገር ያልኩሽ እንግዲህ ይህ ነው፤ እማዬ አንድ ቀን በመጥረጊያ ላባ ፎቶ ተነሣች፣ አባዬ አንድ ጥርስ አስነቀለ። ሌላ ምንም የለም። ከተቀመጥሽበት መነሣት ትችያለሽ።

ወንድምሽ፣
ከቤታችን የጓሮ ደረጃ ላይ፣
እሑድ ከምሳ በኋላ