ያልታመመ ክርን ስላሳመሙልን

ለክቡር ሚስተር ብራድፎርድ ሊንድኩዊስት
የፖርት ሃርላን ሄሮንስ ቤዝቦል ክለብ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ በተለይ ክርንዎን እግዚአብሔር እንዲጠብቅልዎ ከልብ እመኛለሁ፤ በእርስዎ ቤት ክርን ሐኪም ሳያየው በጋዜጣ ይታመማልና።

ጄኔቪቭ ኮስትካ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። በስታዲየማችሁ ኳስ ወርዋሪዎች ክንዳቸውን ከሚያሟሙቁበት አጥር አጠገብ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጬ፣ አባቴ እንዳስተማረኝ የተወረወረችውን ኳስ ሁሉ በእርሳስ ደብተሬ ላይ መዝግቤአለሁ። ዛሬ የምጽፍልዎ እዚሁ ከተማ ያደገው ግራኙ ወርዋሪያችን ኤሞሪ ቴት ውሉ ስላለቀና የት እንደሚፈርም ዓርብ እንደሚያሳውቅ ስለተናገረ ነው። እንዳይሄድብን ፈርቻለሁ፤ በእርስዎም ተናድጃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቁጠባዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። የቤዝቦል ማኅበሩ ለክለቦች የደመወዝ ጣሪያ እንዳበጀ፣ ከዚያ ያለፈም ቅጣት እንደሚከፍል አውቃለሁ። ለኤሞሪ ሊውል ይችል በነበረው ገንዘብ ሁለት ወርዋሪዎች ማስፈረምዎን በአድናቆት ሰማሁ፤ አንደኛው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን የሚይዝ፣ ሁለተኛው ኳሷን ዱላ ከያዘው መቺ ይልቅ ለተመልካች የሚያደርስ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እርስዎ ግን የብብትዎን አውቀው ጣሉት።

ሁለተኛ፣ ለኤሞሪ ጤና ስላሳዩት ጭንቀት። ውሉ በአንድ የውድድር ዓመት አንድ መቶ ሰማንያ የጨዋታ ዙር ከወረወረ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ ይሰጠው ነበር። መስከረም መጀመሪያ ላይ አንድ መቶ ሰባ ስድስት ሲደርስ፣ አራት ዙር ብቻ ሲቀረው፣ ክርኑ ድንገት «ታመመ» ተባለና የውድድር ዓመቱ እስኪያልቅ የቀሩትን ሦስት የመወርወር ተራዎቹን ተቀምጦ አሳለፈ። ጉርሻው ቢከፈል ጣሪያዎን ይነካ እንደነበር ማንም አልነገረንም። እኔ ግን በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ከአጥሩ ማዶ ሲወረውር አይቼዋለሁ፤ በአንዱ ቀን ስልሳ አንድ፣ በሌላው ሃምሳ ስምንት ኳስ ቆጥሬአለሁ። ኳሱን የሚቀበለው ልጅ ጓንቱን አውልቆ ያበጠ መዳፉን እያራገፈ፣ «እማማ ኮስትካ፣ ይዩልኝማ! የታመምኩትስ እኔ ነኝ» ብሎኛል። አጠገቤ የሚቀመጠው የቧንቧ ሠራተኛ ቨርን ሹልትዝም፣ «ጄኒ፣ እንዲህ ያለ በሽታ ለኔም በላከልኝ!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ የቀኑን ቁጥር ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

አሁን ደግሞ ያንኑ የፈጠራ ሕመም «ስሜ አይጠቀስ» ባለ የክለብዎ ሰው በኩል ለጋዜጦች አድለዋል። ሌሎች ክለቦች ፈርተው ሲሸሹ፣ ኤሞሪ ከሁለቱ ወርዋሪዎች በተረፈችው ፍርፋሪ አንገቱን ደፍቶ ይፈርማል ማለትዎ ነው። ብልሃትዎን አደንቃለሁ፤ የሰውን ስም በማጉደፍ ዋጋውን ማውረድ ለካ ሥራ አስኪያጅነት ይባላል።

ሦስተኛ፣ የመቀመጫዬን ዋጋ በዚሁ ሳምንት ስለጨመሩ አመሰግናለሁ። ለእሱ ጣሪያ እንዳልተበጀለት ተረድቻለሁ።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው፤ ከዓርብ በፊት ጋዜጠኞችን ሰብስበው «ልጁ ጤነኛ ነበር» ይበሉ። ይቆይልን ብዬ ጸልያለሁ፤ በውሸት ታስሮ እንዲቆይልን ግን አልጸለይኩም።

ከከፍተኛ አክብሮትና ከዝቅተኛ ተስፋ ጋር፣ የእርሳስ ቆጠራ ሎሌዎ፣
ጄኔቪቭ ኮስትካ

ማስታወሻ፦ ማክሰኞ ዕለት የሌላ ክለብ ሰው በሬን አንኳኳ። ሐኪማቸውን ያስጨነቁት እነዚያ ሦስት ሳምንታት ብቻ መሆናቸውን በትሕትና ነገረኝ። በእነዚያ ቀናት የወረወረውን ሁሉ የመዘገብኩበትን ደብተሬን አወጣሁለት፤ ገጾቹን አንድ በአንድ ፎቶ አነሳ። ከሄደ በኋላ ወጥ ቤቴ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ልጃችንን በገዛ እጄ እንደሸኘሁት ገብቶኛልና። የጨመሩትን የመቀመጫ ዋጋም ከፍያለሁ። ግንቦት ላይ ኤሞሪ በእነሱ ማሊያ መጥቶ የእርስዎን መቺዎች ኳሷን ሳያስነካ ተራ በተራ ወደ ወንበራቸው ሲመልሳቸው አንድ ሳይቀር እመዘግብልዎታለሁ፤ እርሳሴን ከአሁኑ ቀርጬዋለሁ።