በወንድምህ ስም የመጣው ክኒን

አባ ዘሃራ፣ አሰላሙ አለይኩም። እንደማትመልስልኝ አውቃለሁ፤ ግን ሰላምታ ለሙትም አይነፈግም። ከተለያየን ቡናው ሦስት ጊዜ ቀልቶ ሦስት ጊዜ ተለቅሟል። አራተኛውም አሁን ቀልቶ መለቀም ጀምሯል። ይህን የምጽፍልህ በራሴ እጅ ነው። አዎ፣ እኔው! መሠረተ ትምህርት የመጣ ጊዜ "ፊደል ብለው ሰብስበው ሌላ ነገር ሊያስፈርሙን ነው" ብዬ አንድ ወር ሙሉ ከኋላ ተቀምጬ አፌን ዘግቼ ከረምኩ። በኋላ ግን፣ የሚያስፈርሙኝ ከሆነ የምፈርምበትን ማንበብ አለብኝ ብዬ ተማርኩ። ብታየኝ ስትስቅብኝ ትውል ነበር።

ቤታችን በነበረበት ቦታ የለም። መንደር ምሥረታ ተብሎ ከወንዙ ዳር አንሥተው ከአሰንዳቦ በታች፣ መንገዱ አጠገብ፣ በመስመር ደርድረውናል። ጎረቤት ሲያስነጥስ ከየቤታችን ሆነን "ይማርህ" እንላለን። እኔ አልወደድኩትም። ሰውን እንዲህ ጠጋ ጠጋ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሊቆጥረው የፈለገ ብቻ ነው። የቡና ማሳህ ግን እዚያው ነው፤ እየተመላለስኩ እለቅማለሁ። ቀይዋ ላም ሁለት ወልዳለች። የዘሃራ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ስትስቅ ቁርጥ አንተን ናት፣ ማሻአላህ።

የጻፍኩልህ ግን ለዚህ አይደለም። ለሌላ ነው፤ ስለዚያ ክኒን ነው።

የወባ ሰዎች መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ግድግዳችንን ዲዲቲ ረጭተው በራችን ላይ ቁጥር ጽፈው ሄዱ። ድመታችን ሞተች፣ ትኋኑ ግን ባሰበት። አንተ በሩን እያየህ "ይሄ ቁጥር ለወባ አይደለም፤ ወባ ቁጥር አታነብም" አልክ። በማግስቱ ግድግዳውን በጭቃና በእበት ለቀለቅሁት። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? እኛ እኮ ገንፎውን ትተን ስንጥሩን ስንፈልግ የኖርን ሰዎች ነን። ደግሞ አይፈረድብንም። ጊዜው ለሚሊሺያ የሚመለመልበት ነበር፤ ስሙ ወረቀት ላይ የተገኘ ሰው ሄዶ የቀረበትን ቤት አንድ በአንድ እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ ነው አንተ ታመህ ጋቢ ተከናንበህ እየተንቀጠቀጥክ፣ ያ ቀጭኑ የወባ ሰውዬ መዝገቡን ይዞ ደጃችን የቆመው። የበሽተኛውን ስም ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ስምህን አልጠራም። በእኛ ወግ ሚስት የባሏን ስም በአፏ አታነሣም፤ ዘሃራ እስክትወለድ "አንተ" ስልህ፣ ከተወለደች ወዲህ ደግሞ "አባ ዘሃራ" ስልህ ነው የኖርኩት። አቀርቅሬ ሰሌኑን አየሁ። አንተ ከጋቢው ውስጥ ጥርስህ እየተንገጫገጨ "ረሻድ" አልከው። እኔ በሙሽርነት ሳልመጣ በፊት የሞተውን የታላቅ ወንድምህን ስም! ሰውዬው ጻፈ። ጣትህን ወግቶ ደምህን በመስታወት ቁራጭ ላይ ቀባ። ለጊዜው ብሎ መራራ ክኒን ሰጠህና "የቀረውን ደምህ ጅማ ታይቶ ሲመጣ አመጣለሁ" ብሎ ሄደ። ገና ከግቢው ሳይወጣ "ሟች አይዘምትም" ብለህ ጠቀስከኝ። በትኩሳት ላይ ሆነህ እንኳ ቀልድ አይጠፋህም ነበር።

ያ ክኒን ገላህን ሲያሳክክህ ዋለ፤ ትኩሳቱ ግን ለቀቀህ። ቅርጫትህን አንሥተህ ቡና ለቀማ ወረድክ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ረሳሁት።

ከሁለት ጁምዓ በኋላ ገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ጠራ። አንተ ከወንዶቹ፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠናል። ቀጭኑ ሰውዬ ተነሥቶ በደማቸው ወባ የተገኘባቸውን ስም ያነብ ጀመር። የተጠራው እየተነሣ ክኒኑን ይቀበላል። "ረሻድ" ሲል የሚነሣ ጠፋ። ደግሞ ጠራ። ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ሆኖ "ረሻድማ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ሟች ወባ ይዞት ነው?" አለና ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሰውዬው ግን አልሳቀም። ክኒኑን ከፍ አድርጎ "ማሎ፣ እባካችሁ፣ ይህ ሰው ማንም ይሁን ማን ይውሰድ፣ ካልጨረሰው በሽታው ይመለስበታል" አለ። አንተ በሰዉ መካከል አየኸኝ። ጣትህን ከንፈርህ ላይ አደረግህ። እኔም፣ መንግሥት ለክኒን ሲል ሰው አይፈልግም፣ ሌላ ነገር ቢኖረው ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ሰውዬው ክኒኑን ቦርሳው ውስጥ መለሰ። ቤት እስክንደርስ የሊቀመንበሩን ድምፅ እያስመሰልክ "ሟች ወባ ይዞት ነው?" ስትል፣ እኔም ሆዴን ይዤ ስስቅ ነበር። 

ለቀማው ሳያልቅ ተመለሰብህ። አሰንዳቦ ክሊኒክ እንሂድ ስልህ፣ የይለፍ ወረቀት ስንጠይቅ ሊቀመንበሩ የስሙን ነገር ያወጣዋል ብለህ "ትንሽ ልየው" አልከኝ። እኔም አልጨቀጨቅኩህም። በሌላው ነገር ሁሉ ስጨቀጭቅህ ኖሬ፣ በዚያ ቀን ዝም አልኩ። በአራተኛው ቀን ማን እንደሆንኩ አላወቅኸኝም። አራት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞህ ወደ ክሊኒኩ ወጣ። መርፌ የሚወጋው ድሬሰር ስም ሲጠይቅ አንዱ ጎረቤት እውነተኛውን ተናገረ፤ እኔ ደግሞ ያ ክኒን እዚያ ተቀምጦ ከሆነ ብዬ ከኋላ "አይ፣ ረሻድ ነው" አልኩ። የሟቹን ወንድምህን ስም ለመጥራት አፌ አልተያዘም፣ አየህ። ድሬሰሩ አንዴ እኔን አንዴ ጎረቤቱን አየና "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አለ። በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝም። መርፌ ወግቶህ ጅማ ውሰዱት አለ። የጫነህ የቡና መኪና ጅማ ሳይደርስ ጭኔ ላይ ሄድክ። ኢናሊላሂ።

ከሦስት ዓመት በላይ የድሬሰሩ መርፌ ውሃ ነው ስል ኖርኩ። የወባው ሰውዬ ደሙን ወስዶ አድክሞ ገደለብኝ ስል ኖርኩ። ሰው ሰማኝ፣ አመነኝም። በእኔ ወሬ የተነሣ ጣታቸውን አናስወጋም ያሉ ጎረቤቶች አሉ። ሊቀመንበሩንም እጠረጥረዋለሁ፤ አንተ መሆንህን እያወቀ ነው የሳቀው ወይስ ሳያውቅ? ዛሬም መንገድ ላይ ሳገኘው ፊቱን አየዋለሁ፣ ምንም አላገኝበትም። የማልነግርህ ነገር የለኝምና ልንገርህ፤ ከሁሉም አብልጬ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። ቆሜ "የእሱ ነው፣ ስጡኝ" ብል ኖሮ ምን ይጎድልብኝ ነበር?

ባለፈው ማክሰኞ ያ ቀጭኑ ሰውዬ ደጃችን መጣ። ሸብቷል። ዘሃራ ሦስት ቀን ሙሉ ትኩሳት ይዟት ቤት ውስጥ ከጎተራው ጀርባ አስተኝቻት ነበር። የታመመ አለ ወይ ሲለኝ የለም አልኩት። ወዲያው ከውስጥ "እማ፣ ቢሻን" ብላ ውሃ ጠየቀች። ሰውዬው አየኝ፤ አላፈጠጠብኝም፣ አልተቆጣኝም። ያሳፈረኝ እሱ ነው። ገብቼ አቅፌ አወጣኋት።

ታዲያ እንዲሁ የሰጠኋት እንዳይመስልህ! መርፌውን እሳት ላይ አሳየው አልኩት፣ አሳየ። መጀመሪያ የራስህን ጣት ውጋ አልኩት፣ ወላሂ ወጋ! ከዚያ የእሷን ወግቶ መዝገቡን ገለጠና ስሟን ጠየቀኝ። "ዘሃራ" አልኩት። የአባት ስም አለኝ። ስምህን የሚጠራልኝ ጎረቤት ፍለጋ ግራና ቀኝ አየሁ። ሁሉም ቡና ለቀማ ወርዷል። ልጅህ በጭኔ ላይ በትኩሳት ትነዳለች፣ ብዕሩም ይጠብቃል።

ተማም አልኩት።

ድምፄ ስለጠፋ ድገሚው አለኝ፣ ደገምኩት። እየጻፈ ሳለ ከላዩ ቆሜ ፊደሉን አንድ በአንድ አነበብኩ። ትክክል ጽፎታል። ይቅር በለኝ፣ አባ ዘሃራ፤ ወግ አፍርሻለሁ።

ክኒኑ ልክ እንዳንተው አሳከካትና ትኩሳቱ ለቀቃት። ዛሬ ከጥጃዎቹ ጋር ስትሯሯጥ ነው የዋለችው። እኔ ግን አላምነውም። ያንተም እንዲሁ ለቆህ ነበር። አሁን የምጠረጥረው ይህንን ትኩሳት ነው።

የሚቀጥለው ጁምዓ ስብሰባ አለ፤ የደሙን መልስ ይዞ ይመጣል። ሊቀመንበሩ ይሳቅ፣ የፈለገው ይሳቅ፣ ሴቶቹም ያጉረምርሙብኝ። እኔ ከፊት እቀመጣለሁ። አንተን በአፌ ሳልጠራህ ኖሬ የረሳሁህ ቀን የለም፤ ከእንግዲህም አይኖርም። "ዘሃራ ተማም" ብሎ ሲጠራ ብድግ ብዬ "አቤት" እላለሁ። ለሁለታችሁም።

ያንተው፣ የዘሃራ እናት